እድር የሌላት ተከራይ

አዳማ ውስጥ ቤት ፍለጋ የዞረ ሰው ስሜን ባያውቅ መልኬን ያውቀዋል። ከደላላ ኋላ እያለከለከች በየአጥሩ አንገቷን የምታሰግግ፣ ነጠላዋን አቧራ ያለበሰው አሮጊት አይታችሁ ከሆነ ወይ እኔ ነበርኩ፣ ወይ እንደ እኔ ያለችዋ። የዛሬው ጨዋታዬ አንድ ዓርብ ተጀምሮ በማግሥቱ ያለቀ ነገር ነው። አጭር ነው ብላችሁ አትናቁብኝ፤ ከዚያ በፊት የኖርኩት ዕድሜ በሙሉ ያላስተማረኝን ነው ያስተማረኝ።

የሺ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ እዚህም እዚያም ቢወላገድ እለፉኝ። የተወለድኩት አቦምሳ ነው። ባሌ ቆቃ ግድቡ ጋ ሲቀጠር ተከትዬው ሄድኩ፤ እዚያ ዓሣ እየጠበስኩ ሸጥኩ። እሱ ሲሞት ባቱ ወረድኩ፤ ሽንኩርት ለቀማ፣ ቲማቲም ችርቻሮ፣ ያገኘሁትን ሠራሁ። ከዚያ መቂ፣ ከዚያ ሞጆ። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ ፍለጋ ነው እል ነበር እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ጓዜን ጠቅልዬ ጋሪ ላይ ስወጣና አዲስ መንገድ ሳይ ደስ ይለኛል።

አዳማ የመጣሁት ግን መንገድ ለማየት አልነበረም። ለልጅ ልጄ ለቤዛ ብዬ ነው። እናቷን፣ ልጄን፣ ባቱ ቀብሬ ነው ልጅቷን ይዤ የወጣሁት። ያን ጊዜ ቤዛ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ ፈተናዋ ደርሷል። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ቆሎ እሸጣለሁ፣ እሷ ታጠናለች። ኑሯችን ይኸው ነበር።

አከራያችን ግቢውን ሸጡት። የገዛው ሰው ፎቅ ሊያቆምበት ስለሆነ "ሰኞ ጣሪያው ይወርዳል" ተባልን። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ እየደጋገመ አስጠንቅቆናል። ቤት ያጣሁት እኔ ነኝ። አንዱ ጋ "ልጅ አለ?" ይሉኛል። ሌላው ጋ "ቆሎ ስትቆዪ ጭሱ ግድግዳዬን ያጠቁረዋል" ይሉኛል። አንዱማ ኪራዩን ሲነግረኝ ግቢውን ጠቅላላ የሸጠልኝ መስሎኝ ነበር። ቤዛ ማታ ማታ "እምዬ፣ ካልሆነ ሞጆ እንመለስና ከዚያ እየተመላለስኩ ልፈተን" ስትለኝ፣ በፈተና ሰሞን በሚኒባስ ስትጋፋ ታየኝና "አይሆንም፣ እዚሁ ይገኛል" እላታለሁ። ከየት እንደሚገኝ ግን አላውቅም ነበር።

ደላላዬ ጀማል የሚባል ጎልማሳ ነው። ባጃጅ ይነዳል፣ በጎን ቤት ያገናኛል። አያት ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ "አኮ" ነው የሚለኝ። ዓርብ ጠዋት መጣና ባጃጁን ደጃፌ ላይ አቁሞ ጥሩንባውን ነፋ።

"አኮ፣ ይውጡ! የዛሬው ቤት ካልሆነ ደላላነቱን እተወውና ከእርስዎ ጋር ቆሎ እሸጣለሁ።"

"አንተማ ታሳርረዋለህ" አልኩና ያልሸጥኩትን ቆሎ በፌስታል ይዤ ተሳፈርኩ።

የወሰደኝ ወደ ቦኩ በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ወደሚገኝ ሰፈር ነው። ቤቷ አንድ ክፍል ናት። የብሎኬት ግድግዳ፣ የተለሰነ ወለል፤ በሯ ለአዳማ ነፋስ ጀርባውን የሰጠ። ባለቤቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። ስገባ ወንበር አወጣችልኝ። ወንበር የሚያወጣ አከራይ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነበር።

"ስንት ናችሁ እማማ?"

"እኔና የልጅ ልጄ። እሷም ደብተሯ ላይ ተደፍታ ስለምትውል ግማሽ ሰው ብለሽ ቁጠሪያት።"

ሳቀች። ስለ ውሃው ነገረችኝ፣ ስለ መብራቱ ነገረችኝ። ቆሎ የምቆላበትን ጥግ እንኳ ራሷ መርጣ አሳየችኝ። ኪራዩን ስትነግረኝ ቆሜ ቢሆን ኖሮ እቀመጥ ነበር፤ ሠርቼ የምችለው ነው። ጀማል ከኋላዋ ሆኖ አውራ ጣቱን አቆመልኝ።

"ይመስገን፣ ወድጄዎታለሁ" አለች። "እድርዎ የት ነው?"

"እድር?"

"አዎ። የየትኛው እድር አባል ነዎት?"

"እድርስ የለኝም ልጄ። ዘዋሪ ነኝ፤ አንድ ቦታ ቆይቼ አላውቅም።"

ፊቷ ተለወጠ። የቁጣ አይደለም፤ የፍርሃት ነው። ነጠላዋን ጎትታ አፏን ሸፈነች።

"ቅር እንዳይልዎት እማማ። ዕድሜ ይስጥዎት። ግን ከዚህ በፊት እዚህ ክፍል አንድ ሽማግሌ ተከራይተውኝ ነበር። ጨዋ ሰው። አንድ ቀን ጠዋት በራቸው ሳይከፈት ቀረ። ዘመድ የለ፣ እድር የለ። እድሬን ብለምን 'አባላችን አይደሉም' አሉኝ። ድንኳን የሚጥል፣ መቃብር የሚያስቆፍር አጥቼ ሬሳ ታቅፌ ተቀመጥኩ። ልቅሶ የሚደርስ ሰው እንኳ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ምዬ ነው የተገዘትኩት።"

"እኔ እኮ ገና አልሞትም" አልኳት።

"እሳቸውም እንደዚያ ነበር የሚሉት።"

እውነቷን ነው። ወንበሩን አመስግኜ ወጣሁ።

ጀማል ግን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። "ይኼማ ቀላል ነው አኮ! የሰፈሩን እድር ጸሐፊ አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ማዶ ልብስ ሰፊ ነው። እንመዝገብና እንመለስ" ብሎ እየጎተተ ወሰደኝ። ጸሐፊው ተስፋዬ የሲንጀር መኪናው ላይ ጎንበስ ብሏል። እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ ነው የሰማኝ።

"የሚኖሩት የት ነው እናቴ?"

"እዚህ ሰፈር ልገባ ነው።"

"ልገባ ነው አይሆንም፤ የገባ ነው የሚመዘገበው። የቤት ኪራይ ውልዎን ያምጡ።"

"ውሉን የምትሰጠኝ እድር ሲኖረኝ ነው ብላኛለች።"

"እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። እኛ ደንብ አለን" አለና መኪናውን እንደገና አንደረደረው። ሱሪ እያሳጠረ ነበር፤ እኔንም አብሮ ያሳጠረኝ መሰለኝ።

ከሱቁ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጀማል ጭንቅላቱን እያከከ "ሌላ ሰፈር እንሞክር?" አለኝ።

"ሌላ ሰፈርም እድር አለ። እኔም እዚያ ያው እኔው ነኝ። ቤቷን ወድጃታለሁ፤ ከዚህ ሰፈር አልወጣም።"

"እና ምን ሊያደርጉ ነው?"

"አላውቅም። ግን አልወጣም።"

ስልኩ ጠራ፤ ተሳፋሪ አግኝቶ ነው። "አኮ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፤ እንዳይጠፉ" ብሎኝ ሄደ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥላ ፍለጋ ተነስቼ በጠባቧ መንገድ ትንሽ እንደሄድኩ፣ የተጣለ ድንኳን አየሁ።

ልቅሶ ቤት አይቼ ማለፍ አልችልበትም። በየሄድኩበት ከተማ የማላውቀውን ሰው አልቅሻለሁ። ሥራ ካለ እሠራለሁ፣ ከሌለ ተቀምጬ "ነፍስ ይማር" ብዬ እወጣለሁ። ያን ቀንም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ገብቼ ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ የቆሎ ፌስታሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ።

ከሴቶቹ መካከል ሥራውን የምታዘው፣ መቀነቷን ጠበቅ ያደረገች፣ ብርቄ የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። ውሃ ይዛ መጣችና አቧራዬን፣ ፌስታሌን፣ ጫማዬን ተራ በተራ አየች።

"ከየት ነዎት እናቴ?"

"አገሬ አቦምሳ ነው።"

ውሃው ከእጇ ወደቀ። "መጣች! እናንተ ሰዎች፣ የሙሉ እህት መጣች!"

እኔ በኋላ ነው የገባኝ። ሟቿ ወይዘሮ ሙሉ በልጅነቷ ከአቦምሳ መጥታ ብቻዋን የኖረች ሴት ናት። በዋዜማው ቀብረዋታል። አቦምሳ ያለችው እህቷ ጋ በሹፌር መልእክት ልከው፣ እሷን እየጠበቁ ነው የተቀመጡት። ዘመድ ሲመጣ ልቅሶ እንዴት እንደ አዲስ እንደሚነሳ ታውቁታላችሁ። ድንኳኑ በሙሉ ተነሳብኝ። አንዷ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ ሌላዋ ደረቷን ትደቃለች። "አይደለሁም፣ አይደለሁም" እላለሁ፤ "እህቷ መሞቷን አላመነችም!" ብለው ይብስ ያለቅሳሉ። እንዲያ ባለ ጩኸት ውስጥ ማን ይሰማኛል?

ደግሞ እኔም አለቀስኩ። ማስመሰል አልነበረም። ልጄን ቀብሬ ሳልውል ሳላድር ነበር ጓዜን የጠቀለልኩት፤ ያን ጊዜ አንቆኝ የቀረው ሁሉ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ በማላውቃቸው ሴቶች ትከሻ ላይ ወጣልኝ።

ጋብ ሲል ብርቄ "ፊትሽን ላስታጥብሽ" ብላ እጄን ይዛ ወደ ሟቿ ቤት አስገባችኝ። የቀበሌ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ ግን ሁለት ክፍል፤ ቆርቆሮው ያልዛገ፣ ቆጣሪው የራሱ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው። ብርቄ በሩን ገፋ አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አሁን ሐዘን ላይ ነሽ፣ ግን ጊዜ የለንም። ነገ ተነገ ወዲያ ቀበሌ መጥቶ ቤቱን ያሽገዋል። አብራት የኖረች ዘመድ ካለች ግን ለእሷ ያዞሩላታል። አንቺ ኖረሻል ብለን እኛ እንመሰክራለን፤ ሽማግሌዎቹ ተስማምተዋል። አሁን መጥተው ያነጋግሩሻል። ኪራዩ እንደሆነ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።"

ግድግዳውን አየሁት። ቤዛ የምታጠናበት ጠረጴዛ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳላስበው ዓይኔ ፈልጎ አገኘው፤ መስኮቱ ሥር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

"እቴ" አልኳት፣ "እኔ የሙሉ እህት አይደለሁም።"

"ምን?"

"አላውቃትም። ድንኳን አይቼ ነው የገባሁት። ከየት ነሽ ስትዪኝ ከአቦምሳ ነኝ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ማን አስተነፈሰኝ?"

አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳቋን እያፈነች ነው።

"እናቴ ድረሽ! ታዲያ ያን ሁሉ የጮህነው ለማን ነው? ጉሮሮዬ እኮ ተሰንጥቋል!"

"የእኔስ አንገት? ተጠምጥማችሁ ልትሰብሩት ነበር!"

ስቀን ስናበቃ ለምን እዚያ ሰፈር እንደመጣሁ ነገርኳት። ስለ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ስለ ጸሐፊው፣ ስለ ቤዛ። ሳቋ ጠፋ። በሩን ይበልጥ ገፋችው።

"በይ ዝም በይ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ለማንም አትንገሪ። ሙሉ ልጅ የላት፣ ወራሽ የላት። ቤቱ ታሽጎ ለማናውቀው ሰው ከሚሰጥ አንቺና ልጅቷ ብትገቡበት ማን ይጎዳል? እኔ አልናገር። ፈጣሪ ራሱ ነው ያመጣሽ።"

"እህትየዋ ብትመጣስ?"

"እስካሁን ያልመጣች!"

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አሰብኩት። ሰኞ ጣሪያችን ይወርዳል። አንድ ቃል ሳልናገር፣ ዝም ብቻ ብል፣ ቤት አለኝ። ግን እዚህ የምገባው የሙሉ እህት ሆኜ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ሙሉ ልጅነት ይጠይቁኛል። ቤዛም የማታውቃትን ሴት የአያቴ እህት ልትል ነው። ስሞት ደግሞ እድሩ ጥሩንባ አስነፍቶ "የሙሉ እህት አረፉ" ይላል። የሺ የምትባል ሴት የት እንደገባች የሚያውቅ አይኖርም። እድር የለሽም ተብዬ ከአንድ ቤት ተባርሬ፣ እድር የሚቀብረው ሌላ ሰው ልሆን?

"አይ" አልኳት። "ቤት የምፈልገው በስሜ ነው።"

"ድርቅ ያልሽ ሴት ነሽ!"

"አሁን ነው ያወቅሽኝ?"

ስንወጣ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠዋል። የእድሩ ዳኛ አቶ ገመቹ፣ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ዱላቸውን መሬት የተከሉ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ልብስ ሰፊው ተስፋዬ አለ። ዓይኑን አጥብቦ ያየኛል፤ የት እንዳየኝ እየፈለገ ነው። ከሴቶቹ ወገን ደግሞ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? ወይዘሮ ጥሩነሽ። እያጸዳችው የነበረው ሰሃን እጇ ላይ ቀርቷል።

"እግዜር ያጥናዎት እናቴ" አሉ አቶ ገመቹ። "ቃልዎን እንቀበልና ለቀበሌው ምስክር እንሰጣለን። ስምዎ ማን ነው?"

ቆምኩ። "የሺ እባላለሁ። የሙሉን ነፍስ ይማር። እህቷ ግን አይደለሁም።"

ከወንዶቹ አንዱ "ታዲያ ምን ነካዎት እኛን ሲያስለቅሱ!" ብሎ ጮኸ። ሌላው "አጭበርባሪ ናቸው" አለ። ተስፋዬ ከመቀመጫው ተነሳ፤ "አወቅኳቸው! ጠዋት እድር መዝግበኝ ያሉኝ ናቸው!"

"አዎ ነኝ" አልኩት። "አይደለሁም ብዬ ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ያለቀስኩት ግን የእውነት ነው፤ እሱን አትንኩብኝ። ቤቱንም አልፈልግም፤ እህትየዋ ስትመጣ ትጠይቅበት። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ጠዋት ቤት ልከራይ መጣሁ፤ እድር የለሽም ተባልኩ። እድር ልገባ ሄድኩ፤ ቤት የለሽም ተባልኩ። ከሁለት አንዳችሁ መጀመር አለባችሁ። እስክትጀምሩ እዚህ እቀመጣለሁ። ሰሃን ካለ አጥባለሁ።"

ተቀመጥኩም።

አቶ ገመቹ ጢማቸውን ያዙ። "ማን ነው እድር የለሽም ያለዎት?"

ወይዘሮ ጥሩነሽ ናት ሰሃኑን አስቀምጣ የተነሳችው። "እኔ ነኝ ዳኛ። እኒያ ሽማግሌ የሞቱብኝ ጊዜ እድሩ እንዴት እንዳደረገኝ ታውቃላችሁ። እድሩ ይቀበላቸው፣ ውሉን አሁን እፈርማለሁ።"

"አንቺ ውሉን ፈርሚ፣ እኔ እመዘግባለሁ" አለ ተስፋዬ።

"አይ፣ አንተ መዝግብና ነው እኔ የምፈርመው!"

"ደንቡ እንደዚያ አይልም!"

ያ አጭበርባሪ ያለኝ ሰውዬ እንኳ ሳቁን መያዝ አቃተው። አቶ ገመቹ ግን አልሳቁም። "ሁለታችሁም የእኛ ሰዎች ናችሁ" አሉ። "አንድ እድር ሁለት በር አበጅቶ አንዲትን አሮጊት በአንዱ ሲያስገባ በሌላው ሲያስወጣ ውሏል ማለት ነው። ያሳፍራል ይህ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እናቴ፣ እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ዘዋሪ ነዎት ይባላል። እድር ማለት ሲሞቱ መቀበር ብቻ አይደለም፤ ሌላውን ለመቅበር መገኘትም ነው። ዛሬ መዝግበንዎት ነገ ጋሪ ላይ ቢወጡስ?"

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ከበደኝ። ሰውየው ልቤን ያዩት መሰለኝ። ከቆቃ፣ ከባቱ፣ ከመቂ፣ ከሞጆ ስወጣ ማንንም አልተሰናበትኩም፤ የሚጠብቀኝም አልነበረም። ቶሎ ብዬ "አልሄድም" ማለት ቀላል ነበር። ግን ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ከተማ በልቤ እየተሰናበትኩ ነው የመለስኩት።

"እስካሁን ቆዪ ያለኝ ሰው አልነበረም። እናንተ ቆዪ ካላችሁኝ እቆያለሁ።"

"ዋስ ያስፈልግዎታል" አለ ተስፋዬ፤ አሁን ድምፁ ረጋ ብሏል። "ከአባላቱ አንድ ሰው።"

ሰው ሁሉ ነጠላውን፣ ጣቱን፣ መሬቱን ያያል። አላጠፉም፤ ማን ያውቀኛል?

"እኔ አለሁ" አለች ብርቄ።

"አታውቂያትም እኮ" አሉ አቶ ገመቹ።

"ዝም በይና ግቢበት አልኳት፣ እምቢ አለችኝ። ውሸታም ላደርጋት ሞክሬ ያልተሳካልኝ ሰው ናት። ከዚህ በላይ ምን ልወቅ?"

አቶ ገመቹ ዱላቸውን አንዴ መሬት መቱ። "ተስፋዬ፣ አንተ እዚህ ጻፍ። ጥሩነሽ፣ አንቺ እዚያ ፈርሚ። እኩል ጀምሩ። መግቢያውንም እንደ አቅሟ ቀስ እያለች ትክፈል፤ ለሌላም አድርገነዋል።"

ጀማል ተመልሶ ሲመጣ ድንኳን ውስጥ ሰሃን እያጠብኩ አገኘኝ። "አኮ፣ ምን ተገኘ? ማን ሞተ?" አለ ደንግጦ።

"የሰፈራችን ሰው" አልኩት። "አንተ ነገ ጠዋት ባጃጅህን ይዘህ ና።"

ለቤዛ ስደውልላት "እምዬ፣ የእውነትሽን ነው?" አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ጮኸች፤ ጆሮዬ እስኪደነቁር።

ቅዳሜ ጠዋት ጓዛችንን በባጃጅ እያመላለስን፣ እኔ ፍራሹን ለማስወረድ መንገዱ አፍ ላይ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ከሚኒባስ ወረደች። ከእኔም ታረጃለች። ጫማዋ፣ ቀሚሷ፣ የራስ ሻሿ ሁሉ የመንገድ አቧራ ነው። የጨርቅ ቋጠሮ ደረቷ ላይ ይዛለች። ዙሪያዋን እያየች ቆመችና ወደ እኔ መጣች።

"የሙሉ ቤት በየት በኩል ነው? መልእክቱ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ።"

ፍራሹን ለቤዛ ትቼ እጇን ያዝኩ። ስንገባ ብርቄ ቀና ብላ አየችን፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን። እንደ ትናንቱ አልጮኸችም። በዓይኗ "ይቺስ?" አለችኝ። "ይቺ ናት" አልኳት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። ትናንት የእኔ የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጥኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልቅሶው ጋብ ሲል እጄን እንደያዘች ዞር ብላ አየችኝ።

"ሙሉን ታውቂያት ነበር? አንቺ ማን ነሽ?"

"የሰፈሩ ሰው ነኝ" አልኳት።

በሕይወቴ ይህን ብዬ አላውቅም ነበር።

የሙሉ እህት አቦምሳን ለቅቃ መምጣት አልፈለገችም፤ የእህቷን ነጠላና መስቀል ይዛ ተመለሰች። የሙሉ ቤት ታሸገ። በዚያ በር ባለፍኩ ቁጥር መስኮቱን ሳላይ አላልፍም፤ ሁለት ክፍል ነው፣ የእኛ አንድ ናት። ኪራዩ ሲደርስ አንዳንዴ እጨነቃለሁ፤ ወይዘሮ ጥሩነሽ ጥቂት ቀን ትታገሠኛለች፣ አንዳንዴም ፊቷ ይከብዳል። ተረት አይደለም የምነግራችሁ። ቤዛ ግን በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ አጥንታ ተፈተነች፤ አሁን ነርስነት ትማራለች።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ አሮጊት ወይ ሽማግሌ በራችሁ ላይ ቆሞ "ስንት ነው?" ሲላችሁ ስለ ውሃና መብራት ከመንገራችሁ በፊት "ሰው አለዎት ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። የለኝም ካለ ደግሞ በር አትዝጉ፤ ወደ እድራችሁ ውሰዱት። ቤት የምትፈልጉም፣ እንደ እኔ ከከተማ ከተማ የምትዞሩ፣ እኔ ቤት ማለት ጓዜን ያስቀመጥኩበት ቦታ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። በሬ ጠዋት ሳይከፈት ቢቀር መጥቶ የሚያንኳኳ ሰው ያለበት ቦታ ነው። እሱን ፈልጉ፤ ሲከለክሏችሁም ቁጭ በሉ።

በቅርቡ አንዲት ልጅ ሕፃን አዝላ፣ ጀማልን ተከትላ ወደ ሰፈራችን መጣች። ከሁለት ቤት ተመልሳለች። ውልም እድርም የላትም፤ ከባቱ የአበባ እርሻ ሥራ ለቃ ነው የመጣችው። እጇን ይዤ ተስፋዬ ሱቅ ወሰድኳት። ገና ሲያየን የመኪናውን መርገጫ ለቀቀና ራሱን ያዘ።

"እማማ የሺ፣ ደግሞ?"

"አዎ፣ ደግሞ" አልኩት። "ዋሷ እኔ ነኝ። ጻፍ።"